የማይዝግ ብረት እስከ ስንት ዲግሪ አይዝግም? የጉድጓድ ዝገት መፈተኛ ሴል ግምገማ

ይህ ጽሑፍ የማይዝጉ ብረቶች በጨዋማ ውሃ ውስጥ በስንት ዲግሪ ሙቀት መበሳት እንደሚጀምሩ ለመለካት የሚያገለግለውን፣ አፉ በተጣራ ውሃ የሚታጠብ የመፈተኛ ሴል፣ ማለትም ናሙናውና ጨዋማው ውሃ የሚገናኙበትን ዕቃ፣ የሚመለከት ግምገማ ነው። መሣሪያውን በምሠራበት ላቦራቶሪ ሁለት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት ሦስትና አራት ቀን ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። የምጽፈውም በማስታወቂያ ወረቀቱ ላይ ስላነበብኩት ሳይሆን በእጄ ፈትቼ ስለገጠምኩት፣ ስላጠብኩትና አልፎ አልፎም ስላማረረኝ ዕቃ ነው። የሠሪውን ስም አልጠቅስም። ተመሳሳይ አሠራር ያላቸው ሴሎች ከተለያዩ አምራቾች ይገኛሉ፤ የማነሣው በጎ ጎንም ሆነ ጉድለት በአብዛኛው የአሠራሩ እንጂ የአንድ ድርጅት አይደለም።

ወደዚህ መሣሪያ የገፋን አንድ ታንከር ነው። ታንከሩ 316 ኤል ከተባለ የማይዝግ ብረት ላሜራ የተበየደ ሲሆን ጨዋማ ውሃ ያሞቅ ነበር፤ ውሃው ከ45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዳያልፍም ቴርሞስታት ተገጥሞለት ነበር። ሥራ በጀመረ በስምንተኛው ወር ውሃውን ከሚያሞቀው ሬዚስታንስ በስተጀርባ ካለው ግድግዳ ላይ ውሃ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። ባዶ አድርገን ውስጡን በባትሪ ስናየው ግድግዳው ገና ከፋብሪካ የወጣ ይመስል ያብለጨልጫል። ሬዚስታንሱ ግድግዳውን ሊነካ በተቃረበበት ቦታ ላይ ግን የመርፌ ጫፍ የምታክል ጥቁር ነጥብ ነበረች። በስፒል ጫፍ ስነካት ላይዋን የሸፈነው ስስ ክዳን እንደ ደረቀ ቅጠል ተሰበረ፤ ስፒሉም ያለ ምንም ችግር ወደ ውስጥ ገባ። ከክዳኑ ሥር የነበረው ጉድጓድ ከአፉ ብዙ እጥፍ ይሰፋ ነበር። የጠፋው ብረት ቢመዘን አንድ ግራም እንኳ የሚሞላ አይመስለኝም፤ ታንከሩ ግን ከአገልግሎት ውጭ ሆነ። የላሜራውን የምስክር ወረቀት አውጥተን ስናነበው የኬሚካል ይዘቱ በተባለው ልክ ነበር። ያልጠየቅነው ጥያቄ ቢኖር ያ ይዘት በዚያ ጨውና በዚያ ሙቀት ይበቃ እንደሆነ ነው።

ሙቀት ለምን ይህን ያህል ለውጥ እንደሚያመጣ ሳያብራሩ መሣሪያውን መገምገም አይቻልም። ብረትን የማይዝግ የሚያሰኘው ቢያንስ 10.5 ፐርሰንት የሚሆነው ክሮሚየሙ ነው፤ ክሮሚየሙ ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖ ሜትር ብቻ ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን በገጹ ላይ ይፈጥራል፤ ሽፋኑ ሲጫር ወዲያው ራሱን መልሶ ይጠግናል። ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ግን ሽፋኑ ደካማ በሆነበት ቦታ ላይ ያነጣጥራል፤ ብዙውን ጊዜ ይህ ቦታ በብረቱ ውስጥ ተበትነው የሚገኙት የማንጋኒዝ ሰልፋይድ ቅንጣቶች ጠርዝ ነው። እዚያ አንዲት ጥቃቅን ጉድጓድ ትከፈታለች። ከጉድጓዷ የሚሟማው ክሮሚየምና ብረት ከውሃ ጋር ተገናኝቶ አሲድ ይፈጥራል፤ ክሎራይዱም ሚዛኑን ለመጠበቅ ከውጭ እየተሳበ ወደ ውስጥ ይገባል። በመጨረሻ በጉድጓዷ ውስጥ ያለው ፈሳሽ ከውጭው ውሃ ጋር ምንም የማይመሳሰል፣ ፒኤቹ ከ1 በታች ሊወርድ የሚችል፣ በጨው የተሞላ ኃይለኛ አሲድ ይሆናል።

ከዚህ በኋላ የሚካሄደው ሽሚያ ነው። አሲዱና ክሎራይዱ ከጉድጓዷ አፍ እየወጡ ወደ ውጭው ውሃ ይበተናሉ፤ በዚያው ጊዜ ብረቱ እየሟማ ሌላ አሲድ ይተካል። ብረቱ የሚሟማበት ፍጥነት ከሚበተነው ያነሰ ከሆነ ፈሳሹ ይሳሳል፣ ሽፋኑ ይመለሳል፣ ጉድጓዷም በሰከንዶች ውስጥ ትሞታለች። ከበለጠ ግን ጉድጓዷ የራሷን መርዝ እያመረተች መኖር ትችላለች። ሙቀት ሲጨምር ሁለቱም ፍጥነቶች ያድጋሉ፤ የብረቱ መሟሟት ግን ከመበተኑ እጅግ በበለጠ ፍጥነት ያድጋል። ስለዚህ ለእያንዳንዱ የብረት ዓይነት ከዚያ በታች ጉድጓዶች ተወልደው የሚሞቱበት፣ ከዚያ በላይ ደግሞ ተወልደው የሚያድጉበት የሙቀት ድንበር አለ። ድንበሩ ወሳኝ የጉድጓድ ሙቀት ይባላል። ሥራዬን እንድወድ ያደረገኝ የዚህ ድንበር ስለትነት ነው፤ ብዙ የዝገት መለኪያዎች ቀስ በቀስ ሲለወጡ ይህኛው ግን በጥቂት ዲግሪዎች መካከል ከሙሉ ጤና ወደ ሙሉ ብልሽት ይሻገራል። ሙቀትን እንደ መለኪያ መጠቀም እንደሚቻል በ1973 ብሪገምና ቶዘር የተባሉ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከዚያ በፊት የተለመደው ሙቀቱን አጽንቶ የኤሌክትሪክ ቮልቴጁን ከፍ እያደረጉ የመበሳት ቮልቴጅን መፈለግ ነበር፤ ያ ቁጥር ግን ከናሙና ናሙና በጣም ይዋዥቃል።

የምገመግመው ሴል የተሠራው ኤኤስቲኤም ጂ 150 የተባለውን የአሜሪካ ደረጃ አውጪ ድርጅት የፍተሻ ስታንዳርድ እንዲከተል ነው። ሐሳቡ ቀላል ነው። ናሙናው 1 ሞላር የገበታ ጨው ባለበት ውሃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ይህም በ1 ሊትር 58 ግራም ተኩል ገደማ ጨው ማለት ሲሆን የክሎራይዱ መጠን ከባሕር ውሃ እጥፍ ሊሆን ትንሽ ይቀረዋል። ፖቴንሽዮስታት የተባለው የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ናሙናውን እንደ ማነጻጸሪያ ከሚያገለግለው ከካሎሜል ኤሌክትሮድ አንጻር በ700 ሚሊ ቮልት ላይ አጽንቶ ይይዘዋል። ውሃው ከ0 ዲግሪ አካባቢ ተነስቶ በደቂቃ 1 ዲግሪ እየጨመረ ይሞቃል። በናሙናው ውስጥ የሚያልፈው ከረንት በስኩዌር ሴንቲ ሜትር ከ100 ማይክሮ አምፔር በላይ ሆኖ 60 ሰከንድ ሙሉ ከቆየ፣ ያን ጊዜ የነበረው ሙቀት ይመዘገባል።

የዚህ ዓይነት ሴል ትልቁ ፈጠራ ግን ያለው አፉ ላይ ነው። ናሙናን በማንኛውም መያዣ ሲያስሩት በጋስኬቱና በብረቱ መካከል ጠባብ ክፍተት ይፈጠራል፤ ጉድጓድ ገና ባልተነሳበት ዝቅተኛ ሙቀት የክፍተት ዝገት እዚያ ይጀምራል። ምክንያቱም ክፍተቱ አሲዱ እንዳይበተን ራሱ ያግዳልና ከላይ ያልኩት ሽሚያ ገና ከጅምሩ ለዝገቱ ያደላል። በተራ መያዣ የሚገኘው ቁጥር እንግዲህ የብረቱ መሆኑ ይቀርና የጋስኬቱ ቁጥር ይሆናል። በ1988 ክቫርፎርት የተባለው ተመራማሪ ያቀረበውና በስዊድኗ አቬስታ ስም የሚጠራው ሴል ይህን ችግር በአንድ ቀለበት ፈታው። በሴሉ አፍና በናሙናው መካከል የማጣሪያ ወረቀት ቀለበት ይቀመጣል፤ በቀለበቱ ውስጥ የተጣራ ውሃ በዝግታ እየሰረገ ወደ ሴሉ ውስጥ ይገባል፤ ስለዚህ ክፍተቱ ውስጥ ክሎራይድ ሊከማች አይችልም። ይህ መፍትሔ በኬሚካል ወይም በውድ ማሸጊያ ላይ አልተመሠረተም፤ ዝገቱ የሚፈልገውን ጨው በንጹሕ ውሃ ገፍቶ ማራቅ ብቻ ነው። በእኔ አስተያየት መሣሪያውን መግዛት የሚያስመኘው ይህ ቀለበት ነው፤ የተቀረው ክፍል ከየትም ሊገጣጠም ይችላል።

አንድ ፍተሻ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ምን እንደሚመስል ልግለጽ። ከዚያው ከተበሳው ታንከር፣ ከጉድጓዱ ርቆ ካለ ጤነኛ ቦታ የተቆረጠ የ316 ኤል ቁራጭ ነበር። ገጹን በውሃ እያረጠብኩ በብርጭቆ ወረቀት ደረጃ በደረጃ እስከ 600 ቁጥር ፈገፈግኩት፣ አጠብኩት፣ ቀለበቱን አርጥቤ አስቀመጥኩና አጠበቅኩት። ሴሉ ውስጥ ናይትሮጅን እየተንፈቀፈቀ ውሃው መሞቅ ጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዲግሪዎች የከረንቱ መስመር ጠፍጣፋ ነበር። ወደ 10 ዲግሪ ሲቃረብ ትናንሽ እሾሆች ብቅ ብቅ ማለት ጀመሩ፤ እያንዳንዱ እሾህ አንዲት ጉድጓድ ተወልዳ መሞቷን ይናገራል። እሾሆቹ እየረዘሙና እየቀረቡ መጡ፤ አንዱ ሊወርድ ሲል ሌላው ይነሳል። ሙቀቱ 20 ዲግሪ ሊሞላ ሲል አንዱ እሾህ ተነስቶ ሳይመለስ ቀረ፤ መስመሩ ግድግዳ እንደሚወጣ ሰው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ሄደ። ናሙናውን አውጥቼ በማይክሮስኮፕ ሳየው ከጠርዙ ርቃ፣ መሐል ላይ፣ በዳንቴል በሚመስል ቀዳዳ ቀዳዳ ክዳን የተሸፈነች አንዲት ጉድጓድ አየሁ። የታንከሩ ግድግዳ ላይ ያየኋት ጉድጓድ ታናሽ እኅት ነበረች።

የከረንቱን መስመር የሚስለው የኮምፒውተር ፕሮግራም በዚህ ረገድ በደንብ የታሰበበት ነው። ለአፍታ ተነስቶ የሚወርደውን እሾህ እንደ መበሳት አይቆጥርም፤ 60ውን ሰከንድ በትዕግሥት ይጠብቃል። መረጃውንም በቀላል ሰንጠረዥ መልክ ያወጣል። ስለ ፕሮግራሙ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

ሴሉ ብረቶችን እርስ በርስ ሲያወዳድር የሚሰጠው ውጤት ብዙ የሚያስተምር ነው። 304 የተባለው፣ 18 ፐርሰንት ክሮሚየምና 8 ፐርሰንት ኒኬል ያለው በሰፊው የሚሠራበት ብረት በዚህ ጨው ውስጥ ገና ከ10 ዲግሪ በታች ይበሳል፤ አንዳንዱ ናሙና ፍተሻው ሲጀመር አብሮ ይጀምራል። ከ2 እስከ 3 ፐርሰንት ሞሊብዲነም የተጨመረበት 316 ኤል ወደ 20 ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። 22 ፐርሰንት ክሮሚየም፣ 3 ፐርሰንት ሞሊብዲነምና ጥቂት ናይትሮጅን ያለው 2205 የተባለው ዱፕሌክስ (በውስጡ ሁለት ዓይነት የክሪስታል አወቃቀር ጎን ለጎን ያለበት) ብረት 50 ዲግሪን ያልፋል። 6 ፐርሰንት ሞሊብዲነም ያለው 254 ኤስኤምኦና 25 ፐርሰንት ክሮሚየም ያለው 2507 ደግሞ ከ80 ዲግሪ በላይ ይዘልቃሉ። ይህን ቅደም ተከተል በወረቀት ላይም በቀላል ስሌት መገመት ይቻላል፤ የክሮሚየሙን ፐርሰንት፣ የሞሊብዲነሙን ፐርሰንት በ3.3 አባዝቶ፣ የናይትሮጅኑንም በ16 አባዝቶ መደመር ነው። 316 ኤል 24 አካባቢ፣ 2205 ደግሞ 35 አካባቢ ያገኛል፤ 2507ና 254 ኤስኤምኦ ሁለቱም ከ40 በላይ ናቸው። እንግዲህ ስሌቱ ካለ ሴሉ ለምን ያስፈልጋል የሚል ጥያቄ ይነሳል። ስሌቱ የሚያውቀው በምስክር ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ይዘት ብቻ ስለሆነ ነው። በብየዳ ወይም በአያያዝ ብረቱ ላይ የደረሰውን አያውቅም።

ይህን ያየሁት በ2205 ላይ ነው። አንድ ቀጭን ላሜራ በአንድ ፊቱ ላይ የብየዳ መስመር እንዲሄድበት አደረግን፤ በጀርባው፣ ጠፍጣፋ በሆነው ፊት ላይ፣ ከገለባ ቢጫ እስከ ሰማያዊ የሚደርስ የሙቀት ቀለም ታየ። ቀለሙ የወፈረ ኦክሳይድ ነው፤ ከሥሩ ያለው የብረት ንብርብር ደግሞ ክሮሚየሙን ለኦክሳይዱ ሰጥቶ የደኸየ ነው። ቀለሙን ሳንነካ በሴሉ ስንፈትነው ወሳኙ ሙቀት ከጤነኛው ብረት ከ10 ዲግሪ በላይ ወርዶ ተገኘ። በናይትሪክና በሃይድሮፍሎሪክ አሲድ ድብልቅ ካጠብነው በኋላ ግን ወደ ጤነኛው ቁጥር ተመለሰ። የብረቱ ይዘት አልተለወጠም፤ የተለወጠው ከላይ ያለው እጅግ ስስ ንብርብር ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በያጆቻችን የብየዳ ቀለም ማጽዳትን እንደ ማሳመሪያ ሳይሆን እንደ ብየዳው አካል አድርገው ይሠሩታል፤ ግራፎቹን አይተው ስለተረዱት እኔ ማስገደድ አላስፈለገኝም። በዱፕሌክስ ብረት ላይ ሌላም አደጋ አለ። ከ700 እስከ 950 ዲግሪ ባለው ክልል ውስጥ ብዙ ከቆየ ሲግማ የተባለ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የሚሰበስብ ክፍል ይፈጠራል፤ ዙሪያውም በነዚህ ንጥረ ነገሮች ይራቆታል። ይህም በሴሉ ላይ በግልጽ ይታያል።

አሁን ወደ ጉድለቶቹ ልምጣ። ከሁሉ በላይ ያስቸገረን የቴርሞሜትሩ ቦታ ነው። የሙቀት መለኪያው ያለው ውሃው ውስጥ ሲሆን ናሙናው ግን ጀርባውን ለክፍሉ አየር ሰጥቶ ከሴሉ አፍ ላይ ተለጥፏል። ውሃው በደቂቃ 1 ዲግሪ ሲሞቅ ብረቱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከጀርባው ወደ አየሩ ሙቀት ያመልጣል፣ ከፊቱም የሚሰርገው የተጣራ ውሃ ያቀዘቅዘዋል። በናሙናው ጀርባ ላይ ቴርሞካፕል የተባለ ቀጭን ባለ ሽቦ የሙቀት መለኪያ ስንለጥፍ በዝቅተኛ ሙቀት ልዩነቱ ኢምንት ነበር፤ ወደ 80 ዲግሪ ስንቀርብ ግን በብዙ ዲግሪ ተለያዩ። መመሪያ መጽሐፉ ይህን በአንድ መስመር ብቻ ጠቅሶ ያልፋል። ያን መስመር ያላስተዋለ ሰው ሁሉንም ከፍተኛ ደረጃ ብረቶች ከእውነተኛ አቅማቸው አብልጦ ይመዘግባል፤ ስህተቱም ወደ አደገኛው ወገን ያጋደለ ነው። እኛ የእርማት ሰንጠረዥ ሠርተን ከሴሉ ጎን ለጥፈናል፤ ይህ ግን ከመሣሪያው ጋር አብሮ መምጣት ነበረበት።

የተጣራው ውሃ ፍሰትም ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሲያንስ ክፍተቱ ይዝጋል፤ ሲበዛ በጠርዙ አካባቢ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል። ፓምፑ ላይ ያለው ማስተካከያ ሻካራ ስለሆነ በመጀመሪያው ወር ከሠራናቸው ፍተሻዎች ብዙዎቹን በማይክሮስኮፕ አይተን ጠርዛቸው በመበላቱ ጥለናቸዋል። የአየር ዐረፋ አፉ ላይ ሲያዝም ከሥሩ ያለው ገጽ ሳይፈተን ይቀራል፤ ውሃ ከሞላ በኋላ ሴሉን በዝግታ አጋድሎ መመለስ ይህን ያስወግዳል። ሴሉ ደግሞ ጠፍጣፋ ገጽ ብቻ ነው የሚቀበለው። ቱቦ ወይም ያልተላገ የብየዳ ጀርባ ሲሰጡት ያፈሳል። ለእኛ ይህ ቀላል ጉድለት አይደለም፤ በሥራ ላይ የሚበሳው ብዙውን ጊዜ ብየዳው ነውና።

ለነዚያ ጉዳዮች ኤኤስቲኤም ጂ 48 ወደሚባለው ወደ ቀድሞው ዘዴ እንመለሳለን። በዚህ ዘዴ ናሙናው 6 ፐርሰንት ፌሪክ ክሎራይድ ባለበት ፈሳሽ ውስጥ ተነክሮ ለ24 ወይም ለ72 ሰዓት ይቆያል፤ በየጊዜውም አዲስ ናሙና በ5 ዲግሪ ከፍ ባለ ሙቀት ይፈተናል። ፖቴንሽዮስታት አያስፈልገውም፤ ሙቀቱን አጽንቶ የሚይዝ የውሃ ገንዳ፣ ብርጭቆና ሚዛን ይበቁታል። የክፍተት ዝገትንም ገጹ ላይ የፕላስቲክ ቁራጭ ታስሮበት በተዘጋጀ ናሙና ይለካል፤ የሚገኘው ወሳኝ የክፍተት ሙቀት ከጉድጓዱ ሙቀት አብዛኛውን ጊዜ በ20 ዲግሪና ከዚያም በላይ ያንሳል። ሴሉ ይህን ቁጥር ፈጽሞ ሊሰጥ አይችልም፤ የተሠራው ክፍተትን ለማስወገድ ነውና። ፍላንጅ፣ ጋስኬት፣ ቡሎንና ሮንዴላ ያለበትን ዕቃ ሁሉ የሚያሳስበው ግን ዝቅተኛው ቁጥር ነው። በመሆኑም ሴሉን የፌሪክ ክሎራይዱ ዘዴ ምትክ አድርጎ የሚገዛ ሰው ይሳሳታል። በፍጥነት ግን ሴሉ ያሸንፋል፤ አንድ ሙሉ ፍተሻ ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፣ ውጤቱም በአምስት በአምስት ዲግሪ ሳይሆን በአንድ ዲግሪ ይነበባል።

ሴሉን ከመግዛታችን በፊት ናሙና የላክንበት አንድ ላቦራቶሪ ነበር። የተላከልን ሪፖርት አንድ ቁጥር ብቻ የያዘ ነበር፤ ገጹ በምን እንደተፈገፈገ፣ ስንት ጊዜ እንደተደገመ፣ ጠርዙ መበላት አለመበላቱ አልተጻፈበትም። ያን ጊዜ ምን እንደጎደለ አላወቅንም። አሁን ግን ያ ቁጥር ለምንም ውሳኔ መሠረት ሊሆን እንደማይችል አውቃለሁ፤ ሸካራ ገጽና ልሙጥ ገጽ ያላቸው የአንድ ላሜራ ሁለት ቁራጮች የተለያየ ውጤት ሲሰጡ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ከሁሉ በላይ ላስጠነቅቅ የምፈልገው በቁጥሩ አጠቃቀም ላይ ነው። ሴሉ 52 ዲግሪ ቢል ብረቱ በማንኛውም ውሃ እስከ 52 ዲግሪ ያገለግላል ማለት አይደለም፤ ወይም ከዚያ በላይ ወዲያው ይበሳል ማለትም አይደለም። 700 ሚሊ ቮልቱ ሆን ተብሎ የተመረጠ ከባድ ሁኔታ ነው። በሥራ ላይ ያለውን ቮልቴጅ የሚወስነው ውሃው ውስጥ ያለው ኦክስጅንና ሌላ ኦክሳይድ አድራጊ ነገር ነው። ክፍት በሆነ ዕቃ ውስጥ ውሃው ሲሞቅ ኦክስጅኑ ይቀንሳልና ሙቀት በአንድ እጁ የወሰደውን በሌላው በከፊል ይመልሳል፤ በተዘጋ ዕቃ ውስጥ ግን ኦክስጅኑ መውጫ የለውም። ለማምከን የሚጨመር ክሎሪን ቮልቴጁን ወደ ላይ ይገፋል። ተፈጥሯዊ የባሕር ውሃ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው፤ በብረቱ ገጽ ላይ የሚያድጉ ጥቃቅን ሕያዋን ቮልቴጁን በብዙ መቶ ሚሊ ቮልት ከፍ ያደርጋሉ፣ ሙቀቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲወጣ ግን ይህ ሥራቸው ይዳከማል። ስለዚህ በዚያ ውሃ ውስጥ ለብ ያለው ከሞቀው የሚብስበት ጊዜ አለ። ከ60 ዲግሪ በላይ ደግሞ ለ304ና ለ316 ሌላ ሥጋት ይመጣል፤ ውጥረት ያለበት ብረት በክሎራይድ ይሰነጠቃል፣ ሴሉም ስለዚህ የሚናገረው ነገር የለውም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚዘነጋው የትኛው ሙቀት እንደሚቆጠር ነው። የታንከራችን ቴርሞስታት 45 ዲግሪ ያሳይ የነበረው ለውሃው ነበር። ከሬዚስታንሱ አጠገብ የነበረው ግድግዳ፣ በላዩ ላይ ስስ የኖራ ቅርፊት ሠርቶበት ስለነበር፣ ከውሃው እጅግ ይሞቅ ነበር፤ ከቅርፊቱ ሥር ደግሞ ውሃው እየተነነ ጨው ይከማች ነበር። ብረቱ የሚያውቀው የራሱን ገጽ ሙቀትና እዚያው የሚነካውን ጨው ብቻ ነው።

በዚሁ ሴል ካገኘኋቸው ነገሮች አንዱ ከተሰጠው ስታንዳርድ ውጭ የሠራሁት ነው። መበሳት ከጀመረ በኋላ ማሞቂያውን አጥፍቼ ውሃውን መልሼ አቀዘቀዝኩት። ከረንቱ በተነሳበት ዲግሪ ላይ አልወረደም፤ ጉድጓዷ የሞተችው ከዚያ በብዙ ዲግሪ ዝቅ ካለ በኋላ ነው። ጥልቀት ያገኘች ጉድጓድ አሲዷን በቀላሉ አታስበትንምና ለመኖር ከመወለጃዋ ያነሰ ሙቀት ይበቃታል። ለአንድ ሰዓት ብቻ ከመጠን በላይ የሞቀ ዕቃ ወደ መደበኛ ሙቀቱ ስለተመለሰ ብቻ ድኗል ብሎ መተማመን እንደማይገባ የተረዳሁት ከዚህ ነው።

በጠቅላላው መሣሪያውን የብረት ላሜራ ለሚቀበሉ፣ ብየዳቸውን ለሚቆጣጠሩና በዓመት ብዙ ናሙና ለሚፈትኑ ላቦራቶሪዎች ያለ ማመንታት እመክራለሁ። በዓመት አራትና አምስት ናሙና ብቻ ላላቸው የፌሪክ ክሎራይዱ ዘዴ ይበቃቸዋል። የሚገዙ ሰዎች የማጣሪያ ወረቀት ቀለበቶችን አብዝተው ይዘዙ፤ አንዱ ቀለበት ከአንድ ፍተሻ በላይ ማገልገል የለበትም። ፓምፑንም በጥሩ ማስተካከያ ባለው ቢተኩት ይሻላል። በመጀመሪያው ሳምንት የማይታወቅ ብረት አይፈትኑ፤ ይዘቱ የታወቀ የ2205 ላሜራ ወስደው በአንድ ዓይነት አፈጋፈግ አምስትና ስድስት ጊዜ ይድገሙ። ቁጥሮቹ ከሦስትና ከአራት ዲግሪ በላይ ከተራራቁ፣ ብረቱን ከመጠርጠር በፊት እያንዳንዱን ናሙና በማይክሮስኮፕ ሥር አስገብተው ጉድጓዷ መሐል ላይ ወይም ጠርዝ ላይ መሆኗን ይመልከቱ።